አፉን ለሸምበቆ የሰጠ ሰው

ጎጃም ውስጥ ዝም ብሎ የተጠቀመ ሰው አላየሁም። ሠርግ የተጠራ ይገጥማል፤ ለቅሶ የደረሰ ሙሾ ያወርዳል፤ ደቦ የወጣ አጫጅ ማጭዱን ከማንሣቱ በፊት ዜማውን ያነሣል። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወንበሩን የተቀማ መንገደኛ እንኳ «ተነሣልኝ» አይልም። ነገሩን ሁለት ጊዜ አጣጥፎ ይወረውራል፤ ተቀማጩ የተሰደበው መሆኑን የሚረዳው ደጀን አልፎ የዓባይን በረሃ መውረድ ሲጀምር ነው። ምን ያድርጉ? ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ጎንጅ እየተባለ ስንት ዘመን ቅኔ ሲዘረፍበት የኖረ አገር ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰጡን ሐዲስ ዓለማየሁም ከዚሁ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው በጎጃም ቅኔ ቤቶች ነው የተማሩት። በእንዲህ ያለ አገር አፍ ሥራ ፈቶ አያድርም።

መሣሪያዎቻችንም ይህን ጠባያችንን ያውቃሉ። ማሲንቆ እጅን ይይዛል እንጂ አፍን አይነካም፤ አዝማሪው እየገዘገዘ ያወድስሃል፣ እየገዘገዘ ይሰድብሃል። ክራርም እንዲያው ነው። በገናም ቢሆን ደርዳሪው ስለ ሞትና ስለ ዓለም ከንቱነት እየነገረህ ነው የሚደረድረው። ከበሮማ አፍ ካልታከለበት ምን ይረባል። ዋሽንት ብቻ ነው መጥቶ አፍ ላይ የሚቀመጠው። አንዴ ከንፈር ላይ ካረፈ ባለቤቱ ማወደስ የለ፣ መስደብ የለ፣ «ጌታው በጤና ከርመዋል ወይ» ማለት የለ። (እምቢልታና መለከትም ይነፋሉ የሚለኝ አይጠፋም። እነሱ ግን የቤተ መንግሥትና የሰልፍ ናቸው፤ ቤተ መንግሥት ደግሞ የሚናገርለት ሰው አጥቶ አያውቅም።)

ልዩነቱን ለማየት ጠጅ ቤት መግባት ነው። አዝማሪ ፊት የቆመ ጠጪ «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ፣ ትንሽ አጣሞ ይመልሰዋል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ባለ ዋሽንትን ምን ብለህ «ተቀበል» ትለዋለህ? በምኑ ይቀበላል? ግንባርስ እሱም አለው፤ ብሩ ግን ለየትኛው ሙገሳ ይለጠፍ? ስምህን አልጠራ፣ አባትህን አላነሣ፣ ያልገደልከውን አንበሳ አልገደለልህ። ጠጪው ቢመሰጥ ቢመሰጥ «ጎሽ!» ይላል። ጎሽ ደግሞ በማግሥቱ ሽሮ አይገዛም።

ፉከራ ላይ ይብሳል። ባለ ዋሽንቱ ጥግ ቆሞ ሳንባውን ያራግፋል፤ ፎካሪው በዚያ ዜማ ደሙ ፈልቶ መሐል ሜዳ ላይ ዱላ ይነቀንቃል፣ ይዘላል፣ መሬት ይደበድባል። በነጋታው የሚወራው «እገሌ ትናንት እንዴት ፎከረ መሰለህ!» ነው። ማን ነፋለት ብለህ ብትጠይቅ መልሱ «አንድ ልጅ» ነው። ይህ አንድ ልጅ ከተባለ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው አውቃለሁ።

እንግዲህ ዋሽንት ለማን ቀረ? ለእረኛ። ላምና በግ ግጥም አይጠይቁም። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ደብረ ማርቆስ ራሷ ከ2,400 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በመካከል ባለው ቁልቁለት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲወርድ ልጁ በጉን አያይም፣ በጉም ልጁን አያይም። ገሳውን ደርቦ፣ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ለቡሄ የሚያጮኸውን ጅራፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይቀመጣል። ጅራፉ እስከ ነሐሴ 13 ድረስ ነው፤ ሙልሙሉ ከተበላ በኋላ ጅራፍ ማጮህ ትርፉ ድካም ነው። ዋሽንቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ወገቡ ላይ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ሠርግ ሲቆም፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን ሲሰቅል፣ እረኛውን «ጾም ነው» የሚለው የለም። ማን ተራራ ወጥቶ ይቆጣጠረዋል?

በገጠሩ ዋሽንት ሠሪ የሚባል ባለሙያ የለውም። ብረት ቀጥቃጭ አለው፣ ሸማ ሸማኔ አለው፣ ማሰሮና እንስራም ሠሪ አላቸው፤ ዋሽንትን ግን ነፊው ራሱ ይሠራዋል። ሸምበቆው ከወንዝ ዳር ወይም ከሰው አጥር ይቆረጣል፤ ከሰው አጥር የተቆረጠው ድምፁ ያምራል የሚሉ አሉ፤ ባለ አጥሮቹ ግን በዚህ አይስማሙም። ወደ እንጅባራ በኩል ያለ ሰው ቀርከሃ አይቸግረውም፤ የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው፣ አጥሩም ወንበሩም ከእሱ ነው። የሚመረጠው አንጓው የራቀ፣ ግድግዳው ያልሳሳ፣ ቀጥ ያለው ነው። ከደረቀ በኋላ ብረት እሳት ውስጥ ይግልና አራት ቀዳዳ ይበሳበታል። የት የት ላይ? ሜትር የለም፤ ጣት ነው መለኪያው። ሠሪው የገዛ ጣቱን እያጋደመ ይለካል፤ ስለዚህ ዋሽንቱ የሚስማማው ለዚያው እጅ ነው። የታላቅ ወንድሙን ዋሽንት የሰረቀ ታናሽ ቀዳዳው አልደርስ እያለው ይቀጣል፤ አባት መግረፍ አያስፈልገውም።

አራቱን ቀዳዳ ሁሉ ደፍኖ መንፋት አንድ ድምፅ ነው፤ በየተራ መክፈት አራት ይጨምራል፤ አምስት ሆነ። ቅኝታችንም የሚፈልገው አምስት ነው። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ ከአምስት አያልፉም። ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ እነዚያው አምስቱ ወደ ላይ ወጥተው ይደገማሉ። ይህን ሒሳብ የሠራው ሰው የት ተማረ ብትሉ፣ በግ ጥበቃ ላይ።

መንፋት መማር ከተማሪው ይልቅ ቤተ ሰቡን ይፈትናል። ሸምበቆው ጋደም ብሎ ከንፈር ላይ ያርፋል፤ ትንፋሽ ጠርዙን ሲመታ ነው ድምፅ የሚሆነው፤ ጠርዙ እስኪገኝ ድረስ የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ሲጀምር እናቱ ከጓዳ ሆና «ሳሉ ዛሬም አልለቀቀህም? ጤና አዳም ላፍላልህ?» ትለው ነበር። ድምፅ ማውጣት ሲጀምር ደግሞ ሌላ መዘዝ መጣ። «ማታ ቤት ውስጥ አይነፋም፤ ጋኔን ትጠራብናለህ» ተባለ። ግቢ ወጥቶ ነፋ፤ ውሻው አብሮት አላዘነ፤ ከግቢም ተባረረ። ከማሳው ዳር ነፋ፤ አራሹ በሬዎቼ ቆመው እያዳመጡ አላርስ አሉኝ ብሎ አባረረው። እንዲህ እየተባረረ እየተባረረ ተራራው ላይ ደረሰ። ነፊ ሁሉ ተራራ የወጣው በግ ተከትሎ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

በእኛ አካባቢ ሽማግሌ በተሰበሰበ ቁጥር የሚነገር አንድ ፍርድ አለ። እውነት ይሁን ተረት፣ ተራኪዎቹም አልተስማሙም። አንድ እረኛ ማታ ከብት ሲመልስ፣ ልጃገረዶች ውኃ ከሚቀዱበት ምንጭ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ይቀመጥና ይነፋል። ሁልጊዜ አንድ ዜማ። ከልጃገረዶቹ አንዷ እንስራዋን ሞልታ ስታበቃ ትደፋዋለች፤ እንደገና ትቀዳለች። እናት ውኃው ለምን ዘገየ አለች፣ አባት እናቲቱ ለምን ጮኸች አለ፣ ነገሩ ተደረሰበት። አባት ሽማግሌ ሰበሰበ።

«ልጄን አዋርዷታል።»

«ምን ብሎ?»

«ነፍቶ።»

«ነፍቶስ ምን አለ?»

«ዜማው የታወቀ ነው። ስለ ዓይኗ ይጀምርና ወደ አንገቷ ይወርዳል፤ ከአንገቷ ወዲያ ያለውን በእናንተ ፊት አልናገረውም።»

ልጁ ተጠየቀ። «አባቶቼ፣ እኔ ከትንፋሽ በቀር ያወጣሁት የለም» አለ። ዋሽንቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ በቀዳዳው አጮለቁበት፤ ሌላው ገልብጠው አራገፉት፤ የወጣ ቃል የለም። ከመካከላቸው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና ወደ አባትየው ዞሩ።

«አያ፣ ልጁ የነፋው ዜማ ነው። ግጥሙ ከየት መጣ?»

«ከዜማው ጋር የታወቀ ነዋ!»

«ማን ያውቀዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ!»

«እንግዲያማ ልጅህን ያዋረድካት አንተ ነህ። ሙክት ካስ።»

ሙክቱ መጣ፣ ታረደ። ሽማግሌዎቹ በልተው አፋቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ልጅቱን ለልጁ ጠየቁ ይባላል። አባትየው ምን ብሎ እንደመለሰ ሲተረክ ሰምቼ አላውቅም፤ ምናልባት እሱም ያን ጊዜ ዝምታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ገብቶት ይሆናል።

ፍቅርን በዜማ ሸፍኖ መናገር የእኛ ብልሃት ብቻ አይደለም። በጥርስ መካከል ተይዞ በጣት የሚነካ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ምላስ ያለው አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ጎጃም ውስጥ የሚጫወተው ሰው አላየሁም፤ ሌላው ዓለም ግን ብዙ ቦታ ያውቀዋል። ምላሱ ብቻውን የሚያወጣው ድምፅ ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ነው፤ ዜማ የሚያደርገው የተጫዋቹ አፍ ነው። አፉን ሲያሰፋ «አ» ይላል፣ ሲያጠብ «ኡ» ይላል። በሩሲያ ሳይቤሪያ የሚኖሩት የሳኻ ሰዎች ኾሙስ ይሉታል፤ ክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚወርድበት ከተማቸው በያኩትስክ፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ሙዚየም አቁመውለታል። በእንዲያ ያለ ብርድ ብረት ጥርስ ላይ ማድረግ ምን የሚሉት ጀግንነት እንደሆነ ለእነሱ ልተው። የቤትሆቨን መምህር የነበረው አልብሬክትስበርገርም ለዚሁ ዕቃ ኮንቸርቶ ጽፏል።

እኔን የገረሙኝ ግን በቬትናምና በላኦስ ተራሮች የሚኖሩት የሕሞንግ ወጣቶች ናቸው። ጎረምሳው ማታ የልጅቱን ቤት ግድግዳ ተጠግቶ፣ የፍቅር ቃሉን በዚያች ምላስ ውስጥ አሳልፎ ይሰድላታል፤ ከውስጥ ያሉት ወላጆች የሚሰሙት ዝዝታ ነው፣ ለሚገባት ግን ይገባታል። ሙዚየምም ኮንቸርቶም የሌለው የእኛው እረኛ ከሕሞንጎቹ በአንድ ነገር ይበልጣል። እነሱ ቃሉን ይደብቃሉ፤ እሱ የሚደበቅ ቃል አልያዘም። ቢፈተሽ ባዶ ነው።

ድሮ ነገሥታቱና መኳንንቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ጠያቂ ተልኮ ጮቄ ሥር ቢመጣና ባለ ዋሽንት ቢገጥመው ምን ይዞ እንደሚመለስ ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

«እረኛ ምን አለ?»

«ነፋ፣ ጃንሆይ።»

«ምን ብሎ?»

«ከፍ አድርጎ ጀመረና ዝቅ አደረገው።»

«ዝቅ ያደረገው እኔን ነው?»

ለዚህ የሚሆን መልስ የትኛውም ባለሟል አያገኝም። ቃል የያዘ ሰው ግን በዚህ አገር ዋጋውን ከፍሏል። በ1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶቹ ካሳደዷቸውና ከረሸኗቸው መካከል አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ነበሩበት፤ በሕዝቡ መካከል እየዞሩ ወሬ ይዘራሉ፣ ያነሣሣሉ ተብለው። አዝማሪ አፉ ነፃ በመሆኑ ያተረፈው ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ብቻ አልነበረም።

ዋሽንት ከተማ ገብቶ መድረክ ላይ መቆም የቻለው ዘግይቶ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ ከክራሩ፣ ከማሲንቆውና ከበገናው ጋር ዋሽንትም ወንበር ተሰጠው። በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ቡድኑ በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ዞረ፣ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረበ። ለጉዞው የወጣለት ስም «ብሉ ናይል ግሩፕ» ነበር፤ የእኛው ዓባይ በስሙ አትላንቲክን ተሻገረ ማለት ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለ የኦርኬስትራ ሥራ ደርሰዋል። ስንት ቫዮሊንና ስንት ቼሎ ለአንድ እረኛ! እረኛው ያን ጊዜም በግ እየጠበቀ ነበር።

ከተማ መግባት ግን ጣጣ አለው። እረኛው አንድ ዋሽንት ይበቃዋል፤ በጎቹ «ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» አይሉትም። ዘፋኝ ይላል። አጭር ዋሽንት ቀጭን ድምፅ፣ ረጅሙ ወፍራም ነው፤ የተበሳውን ሸምበቆ ደግሞ እንደ ክራር ጠምዝዘህ አታቃኘውም። ስለዚህ የከተማ ባለ ዋሽንት ለየዘፋኙ ጉሮሮ የሚሆን፣ አጭሩንም ረጅሙንም ሰብስቦ በቦርሳ ይዞ ይዞራል። ፍተሻ ላይ ቦርሳው ሲከፈት «ይህ ሁሉ ቱቦ ለምንድን ነው?» ይባላል፤ ማስረጃው አንዱን አውጥቶ መንፋት ነው። አንዳንድ ፈታሽ በአንድ ማስረጃ አይረካም፤ «ትዝታን ትችላለህ?» ይላል።

ሸምበቆውም ሸምበቆነቱ እየቀረ ነው። ሸምበቆ ይሰነጠቃል፣ ይነቅዛል፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ይህ ሁሉ የለበትም። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ደጃፍ ላይ ቧንቧ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ወደ ከንፈሩ የሚያስጠጋ ደንበኛ ካያችሁ አትደንግጡ። ባለሱቁ ግን ይደነግጣል።

«ምን እያደረግህ ነው ወንድሜ?»

«እየመረጥሁ።»

«ውኃ ነው የሚያልፍበት፤ በአፍ አይቀመስም።»

«እኔ ጋ ውኃ አያልፍበትም።»

«ስንት ሜትር ልቁረጥ?»

«ክንድ ከስንዝር።»

«የማን ክንድ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሽማግሌዎች በበኩላቸው ፕላስቲክ ዋሽንት ትንፋሽን አይጠጣም፣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል እያሉ ያማርራሉ። እኔ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሁልጊዜ አልለየውም፤ የምለየው አዲስ አበባ ለቱሪስት የሚሸጠውን ነው፤ ሦስት ቀለም ተቀብቶ፣ ቆዳ ተጠምጥሞበት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል። ሲነፋም ግድግዳው ላይ ቢቀር ይሻለው ነበር ያሰኛል።

የዘንድሮው ጣጣ ግን ፕላስቲክም አይደለም፤ ኪቦርድ ነው። አሁን በየሠርጉ የሚመጣው ልጅ አንድ ቁልፍ ይጫናል ማሲንቆ ይሆናል፤ ሌላ ቁልፍ ይጫናል ዋሽንት ይሆናል። ድምፁ አይከፋም። እንዲያውም ቸኩሎ ለሚጨፍር ሰው ያው ነው። በጥር ወር ደብረ ማርቆስ አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ በጉብዝናቸው ዋሽንት ይነፉ ከነበሩ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ባለ ኪቦርዱ የዋሽንቱን ቁልፍ ነክቶ ዜማውን ጀመረ። አዛውንቱ ደስ አላቸው፤ ጣቶቻቸው ብርጭቆው ላይ ቀዳዳ መፈለግ ጀመሩ። ዜማው ቀጠለ። ወጣ፣ ወረደ፣ ተጠማዘዘ፣ አላቋረጠም። አዛውንቱ ጠላቸውን አስቀመጡ። ዜማው አሁንም ቀጠለ። አብረው ትንፋሻቸውን ይዘው ኖሮ ፊታቸው ቀላ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፤ በመጨረሻ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን መቱት።

«ኧረ ልጁን አስተንፍሱት! ይሞትባችኋል!»

«የቱን ልጅ አባባ?» አለች አስተናጋጇ።

«የሚነፋውን ነዋ!»

«ማንም አይነፋም አባባ። በመብራት ነው የሚሠራው።»

«መብራት ሳንባ አለው?»

አስተናጋጇ መልስ ስትፈልግ መብራቱ ድርግም አለ። ዜማው መሐሉ ላይ ተቆረጠ፤ ጨፋሪዎቹ አንድ ትከሻቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

«አላልኋችሁም?» አሉ አዛውንቱ በጨለማው ውስጥ። «ሞተ!»